የአስከሬን መርማሪው ሐኪምና የፎገራ ሜዳ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በአገራችን ሐኪም ሲባል በሰው ልቡና ቶሎ የሚመጣው የታመመውን የሚያክም፣ የተሰበረውን የሚጠግን፣ ምጥ የያዛትን የሚያዋልድ ባለሙያ ነው። ከሐኪሞች መካከል ግን ታካሚው አንድ ቀን እንኳ የማያመሰግነው ሐኪም አለ። እርሱም የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ነው። ታካሚው ሕመሙን አይነግረውም፤ እርሱም መድኃኒት አያዝለትም። የሚደርሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሆኖም አንድ ሰው መቼ፣ እንዴትና በምን ምክንያት እንደ ሞተ ለይቶ በመናገሩ በሕይወት ያሉትን ያድናል። ያለ ጥፋቱ የተከሰሰውን ከእስር ያወጣዋል፤ ወንድሜ በሰው እጅ ጠፋ ብሎ ጠመንጃ ያነሣውንም ከደም ዕዳ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ሙያ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት መናገር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው። የሐኪሙ ዕውቀት ፍሬ የሚሰጠው አስከሬኑ በጊዜ ሲደርሰውና ሳይበላሽ ሲቆይለት ነው። ይህ ደግሞ የመንገድ፣ የኤሌክትሪክ ኀይል፣ የማቀዝቀዣ፣ የውሃና የአየር ዝውውር ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁሉ በሐኪሙ እጅ ያሉ ነገሮች አይደሉም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በተሰበሰቡት ባለሙያዎች እጅ ያሉ ናቸው። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ አገር ይዞ፣ ማለትም ወረታንና የፎገራን ሜዳ ይዞ መመልከት ይበጃል።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት በገባ ጊዜ ወንዞቹ ከአፋቸው ወጥተው ይተኛሉ፤ ሐይቁም ይገፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ያፈናቀለ ነበር። በበሬው ስሙ የታወቀው ይህ ሜዳ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሩዝ አገር ሆኗል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ ከሚወጣው መንገድ ጋር የሚገናኝባት የመስቀለኛ መንገድ ከተማ ናት። ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ረግረግ፣ የጭነት መኪና፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የክረምት መብረቅና በየቤቱ የተሰቀለ ጠመንጃ በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል። ሰው በድንገት ለሚሞትባቸው ምክንያቶች ሁሉ በር የተከፈተበት አገር ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በነሐሴ ወር ከጉማራ ወንዝ ዳር የአንድ ገበሬ ሬሳ ተገኘ እንበል። ከሦስት ቀን በፊት ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልቶ ነበር። ግንባሩ ላይ ቁስል አለ። ወንዝ ወሰደው የሚል አለ፤ መትተው ጣሉት የሚልም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 የተመለከተውን ከባድ የሰው ግድያ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል፤ በአንቀጽ 543 የተመለከተውን በቸልተኛነት የደረሰ ሞት ግን እጅግ በቀለለ ቅጣት ያልፈዋል፤ ሰውየው ራሱ አዳልጦት የሰጠመ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም። የጎረቤቱ ዕጣ በእነዚህ ሦስት በሮች መካከል ቆሟል። በሩን የሚያመለክተውም በአብዛኛው የሐኪሙ ቃል ነው።

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በአፍና በአፍንጫ ላይ የቀረውን አረፋ ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ውሃ ሲስብ ውሃውና አየሩ ከመተንፈሻ አካል ፈሳሽ ጋር ተደባልቀው ነጭ፣ ደቃቅና ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ይሆናሉ። ቀጥሎ ሳንባውን ይመለከታል፤ የሰጠመ ሰው ሳንባ አብጦ፣ ከብዶና ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። የእጅና የእግር መዳፍ መጨማደድ ግን ብዙ አያስረዳም፤ ሞቶ የተጣለውም ውሃ ውስጥ ከቆየ መዳፉ ይጨማደዳልና። ግንባሩ ላይ ያለውን ቁስል ዳሩን አይቶ፣ ከሥሩ ደም ሰርጎ እንደሆነ መርምሮ፣ በሕይወት ሳለ የደረሰ ነው ወይስ ከሞተ በኋላ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የመጣ ነው ብሎ ይጠይቃል። ዲያቶም የሚባሉ፣ ሽፋናቸው ከሲሊካ የተሠራ ደቂቅ የውሃ አልጌዎች ከመቅኔ ውስጥ ተገኝተው እንደሆነ የሚፈተንበት ዘዴም አለ፤ ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ብቻውን ፍርድ እንደማያሰጥ ባለሙያዎቹ ይስማማሉ። መስጠም በአንድ ምልክት የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። ሌላው ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ተፈትሾ ሲወድቅ የሚደረስበት ድምዳሜ ነው።

የሞት ሰዓትን መገመትም እንደዚሁ ጥንቃቄን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ልብ ሥራውን ሲያቆም ደም በስበት ኀይል ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ወርዶ ቆዳውን ያጠቁረዋል። ይህ ጥቁረት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ስለሚጸና፣ በጀርባው ተኝቶ የተገኘ ሰው ጥቁረቱ በደረቱ በኩል ከሆነ ሬሳው ከቦታው ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ጡንቻም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መድረቅ ይጀምርና በግማሽ ቀን ገደማ መላ አካሉ ይገተራል፤ ከዚያም ተመልሶ ይላላል። የሰውነት ሙቀት አወራረድ የኒውተንን የማቀዝቀዝ ሕግ በቀጥታ የሚከተል ይመስላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙቀቱ ሳይወርድ የሚዘገይበት ጊዜ ስላለ፣ ልብሱ፣ ክብደቱ፣ ነፋሱና ውሃውም ስሌቱን ስለሚያዛቡት፣ ሐኪሙ የሚሰጠው መልስ ከዚህ እስከዚህ የሚል ነው። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመለኪያውን ስሕተት ወሰን ሳይጠቅስ ቁጥር የሚሰጥ ባለሙያ እንደማይታመን ያውቃልና።

በአገራችን ይህ ጥበብ ከመምጣቱ በፊት ገዳይ የሚፈለገው በአውጫጭኝ ነበር። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ በአንድ ቦታ ውሎና አድሮ፣ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረጋል። በሩቅ ምሥራቅም ከዚህ የሚመሳሰል ሥርዓት እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ሶንግ ሲ የተባለው ቻይናዊ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1247 በጻፈው የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ከመዘገባቸው ጉዳዮች አንዱ በማጭድ ስለተገደለ ሰው ነው። መርማሪው የመንደሩን ሰዎች ሰብስቦ ማጭዳቸውን መሬት ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ። ጊዜው በጋ ነበርና ዝንቦች መጥተው ከማጭዶቹ ሁሉ መካከል በአንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ፤ ታጥቦ እንኳ የደም ሽታ ቀርቶበት ነበርና። ባለማጭዱም አመነ። ስብሰባው እንደ አውጫጭኝ ያለ ስብሰባ ነው፤ ምስክሩ ግን በቂም ወይም በፍርሃት የማይናገር ምስክር ሆነ። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ሙያ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ሩዝ አጫጁ የፎገራ ገበሬም ቢሆን ይህን ታሪክ ቢሰማ ለመረዳት አይቸግረውም።

ይሁን እንጂ ማስረጃው ዘወትር ሐኪሙን አይጠብቀውም። በፎገራም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው ሲሞት ሬሳው ይታጠባል፤ ይገነዛል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሱለታል፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይቀበራል። ሥርዓቱ የተከበረና ለሟች የሚገባ ነው። ነገር ግን ሲታጠብ አረፋው ይሄዳል፤ በጥይት ቁስል ዙሪያ የተበተነው የባሩድ ጥላሸት ይጠፋል፤ ጥይት የበሳው ልብስ ይጣላል። ተኩሱ ከቅርብ ነው ወይስ ከሩቅ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በሠርግና በለቅሶ ላይ ሲተኮስ በስሕተት የመጣ ነው የሚለውን ለመለየት የሚረዳው ከሁሉ በላይ ያ ጥላሸትና ያ ልብስ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ ተነሥቶ መቃብር ሲከፈት ሐኪሙ የሚያገኘው ከታሪኩ ግማሹን ነው። በሌላ በኩል ቤተሰቡ ሬሳ እንዳይቀደድ ይለምናል፤ ያለቅሳል፤ አንዳንዴም ይቆጣል። ጥሩ መርማሪ ሐኪም ከቢላዋው በፊት አንደበቱን ማሠልጠን አለበት። የሚያደርገውን ለሽማግሌዎችና ለካህናቱ አስረድቶ፣ ሲጨርስም ገላውን በሚገባ ሰፍቶና አጥቦ ለመገነዝ እንዲመች አድርጎ ማስረከብ የሥራው ክፍል ነው።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። በዐፄ ምኒልክ ስም የተሰየመው በአዲስ አበባ የሚገኘው ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ አጠራጣሪ አስከሬን የሚላክበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጭነት መኪና ላይ፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚደርስ ሬሳ በመንገድ ላይ በየሰዓቱ ከማስረጃው ይቀንሳል። ሙቀት መበስበስን ያፋጥናል፤ መበስበስም አዲስ አረፋ፣ አዲስ እብጠትና አዲስ ቀለም እየፈጠረ ያልነበረ ምልክት ያስመስላል። ቤተሰቡም ለመኪና ኪራይ፣ ለስንቅና ለማደሪያ ያወጣል። ይህን የማይችል ድኻ ጥርጣሬውን ይዞ ይቀብራል። በኋለኞቹ ዓመታት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አገልግሎቱ መጀመሩ፣ በክልል ከተሞችም ምርመራው ቀስ በቀስ መስፋፋቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ልዩ ሥልጠና ያላቸው ሐኪሞች ጥቂት በመሆናቸው ሥራው በብዙ ቦታ በጠቅላላ ሐኪም ትከሻ ላይ ወድቋል። ያም ሐኪም ጧት በሽተኛ ሲያክም ውሎ ከሰዓት በኋላ ሬሳ ይመረምራል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት ቆሞ ይመሰክራል።

የሞት ምክንያት አለመታወቅ የሚጎዳው ወንጀል በተጠረጠረበት ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ለዚህ ከፎገራ በስተሰሜን ከሚገኘው ከሊቦ ከምከም የተሻለ ምስክር አይገኝም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዚያ አካባቢ ሰዎች በረጅም ትኩሳት፣ በክሳትና በሆድ እብጠት እየተሠቃዩ ይሞቱ ነበር። አገሩ የወባ አገር ነውና መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሽተኞች በሚገባ ሲመረመሩ ግን በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር በቆላው፣ በሑመራና በመተማ በኩል የታወቀ እንጂ በዚያ ከፍታ ይኖራል ተብሎ የማይጠረጠር በሽታ ነበር፤ ወደ ቆላ ለሥራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ይታመናል። ወዲያው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ጀመረ፤ ብዙ ሕይወትም ተረፈ። የካላዛር ጥገኛ ተሕዋሲ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነው። ከስሙ መታወቅ በፊት የተቀበሩት ሁሉ በጎረቤት በሽታ ስም ተቀብረዋል። ከእነርሱ የጥቂቶቹ እንኳ አስከሬን ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ፣ የኋለኞቹ በሽተኞች ቀደም ብለው ትክክለኛውን መድኃኒት ማግኘት ይችሉ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

በዚሁ በጣና ዙሪያ ሐኪምና መሐንዲስ በአንድ ፍርስራሽ ፊት የሚቆሙበት አደጋም ደርሷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ገና ሽቅብ ሲል የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አውሮፕላኑ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፍተው በሆዱ ዐረፈ፤ በእሳትም ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በእንዲህ ያለው አደጋ መሐንዲሱ ሞተሩን ሲፈታ፣ ሐኪሙ የሟቾቹን አካል ይጠይቃል። የገደላቸው ግጭቱ ነው ወይስ ጭሱ? በደም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተገኘ ሰውየው እሳቱ ሲነሣ ገና ይተነፍስ ነበር ማለት ነው፤ እንግዲያውስ መውጫ በር፣ የወንበር ጨርቅና የማምለጫ ጊዜ መጠየቅ አለባቸው። አጥንት የተሰበረበት አኳኋንም የወንበሩንና የቀበቶውን ብርታት ይናገራል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን ላይ የነበሩት 157 ሰዎች አንድ ሳይተርፍ ባለቁ ጊዜ ደግሞ የሐኪሞቹ ተግባር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሟች ለይቶ መመለስ ነበር። ኢንተርፖል ያስተባበራቸው የልዩ ልዩ አገር ባለሙያዎች በዲ ኤን ኤ ምርመራ የሁሉንም ማንነት ለይተው ለመጨረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ሰው የሚቀብረውን ሳያውቅ ልቅሶው እንደማያበቃ የአገራችን ሰው አሳምሮ ያውቃል።

ከምርመራው ጠረጴዛ ቀጥሎ የሐኪሙ ሁለተኛ የሥራ ቦታ ችሎት ነው። በዚያ ዐቃቤ ሕግ «ገድሎታል» እንዲልለት ይፈልጋል፤ ጠበቃው «አልገደለውም» እንዲልለት ይሻል። ሐኪሙ ግን ማን እንደ ገደለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ምን እንደ ገደለ ነው። እዚህ ላይ ከእንግሊዝ አገር የተገኘ ትምህርት አለ። በርናርድ ስፒልስበሪ የተባለው ስመ ጥር መርማሪ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፍርድ ቤት ቃሉ እንደ ሕግ ይታይ ነበር። በኋላ የተነሡ ባለሙያዎች ሥራውን መልሰው ሲመረምሩ ግን ከማስረጃው በላይ እርግጠኛ ሆኖ የተናገረባቸው ጉዳዮች እንደ ነበሩ አሳይተዋል። በአንድ አገር ውስጥ ባለሙያዎች ጥቂት በሆኑ ቁጥር ይህ አደጋ ይበረታል፤ የአንዱን ቃል የሚመዝንለት ሁለተኛ ሰው አይገኝምና። ስለዚህ «ነው»፣ «ይመስላል» እና «ከዚህ ማስረጃ ሊታወቅ አይችልም» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለያይቶ መጠቀም የዚህ ሙያ የመጨረሻው ክብር ነው። ሦስተኛው ቃል ዳኛውን ላያስደስት ይችላል፤ ሆኖም ንጹሕ ሰው በእርሱ ይድናል።

ሥራው ለጤና የሚያሠጋ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ሰው ሳንባ ሲከፈት ተሕዋሲው በአየር ይበተናል፤ በስለት መቆረጥና በመርፌ መወጋት አለ፤ ፎርማሊን ዐይንና መተንፈሻን ያቃጥላል፤ ካንሰር እንደሚያመጣም ታውቋል። በዚህ ላይ የብቸኝነቱ ነገር አለ። ጎረቤት ሥራውን ሲሰማ ይሸሸዋል፤ ልጆቹም የአባታቸውን ሙያ በትምህርት ቤት ለመናገር ያፍራሉ። የሕፃን ሬሳ የመረመረ ሐኪም ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱን ሕፃን ሲያቅፍ በልቡ የሚያልፈውን የሚጠይቀው ሰው ብዙ አይደለም።

እንግዲህ ከመሐንዲሶች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የምርመራው ቤት የሆስፒታል ዕቃ ቤት ትርፍ ክፍል መሆኑ መቅረት አለበት። በሰዓት 12 ጊዜ አየሩ የሚለወጥበት፣ አየሩም ከክፍሉ ወደ ኮሪደር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚወጣበት፣ ወለሉ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው የሚያዘነብል፣ ውሃ የማይቋረጥበትና ብርሃኑ የቆዳን ቀለም የማይለውጥ ክፍል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በንድፍ ሰሌዳ ላይ ሲጀመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ግን ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣ ነው። አስከሬን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ መበስበሱ እጅግ ይዘገያል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ማቀዝቀዣ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ኀይል ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት የሚይዝ ግድግዳና ተጠባባቂ የኀይል ምንጭ አብረው መታሰብ አለባቸው። እንደ ወረታ ባለች የመስቀለኛ መንገድ ከተማ አነስተኛ የቅዝቃዜ ክፍል ቢኖር ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከምና ከደራ የሚመጣ አስከሬን መርማሪ እስኪደርስለት ሳይበላሽ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ መንገድ ነው። ወረታን ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚያገናኙ አውራ መንገዶች አሉ። ከቀበሌ እስከ አውራ መንገዱ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን በክረምት ጭቃ ሲሆን ከመቶ ኪሎ ሜትር አስፋልት ይበልጥ ይረዝማል። በርብና በጉማራ ገባር ወንዞች ላይ የሚሠራ ትንሽ ድልድይ እህልና ወላድ እናት የሚያሻግር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ፍትሕም በእርሱ ላይ እንደሚሻገር ማሰብ ይገባል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

የአገራችን ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ መናገር ሲጠላ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ሙትን አይወቅስም፤ ሙት ሊናገረው ያልቻለውን ይናገርለታል። የአንድ የፎገራ ገበሬ ሞት በአዲስ አበባ ከሚሞት ባለሥልጣን ሞት እኩል ስሙን ያገኝ ዘንድ ግን የሐኪሙ ዕውቀት ብቻ አይበቃም። የሁለቱ ልዩነት ዛሬ የሚለካው በኪሎ ሜትር፣ በዲግሪና በሰዓት ነው። እነዚህ ደግሞ መሐንዲስ ሊያሳጥራቸው የሚችል ልኬቶች ናቸው። ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ዕቅዱ ለወረዳ ሆስፒታሎች የሚሆን የአስከሬን መመርመሪያና ማቆያ ክፍል መደበኛ ንድፍ ከሐኪሞች ጋር ሆኖ ቢያዘጋጅ፣ በገንዘብ ረገድ ቀላል፣ በፍትሕ ረገድ ግን ከባድ ሚዛን ያለው ሥራ ሠራ ይባላል።